ነጭ አዝሙድ፡- ከባግዳድ እስከ ጓዳችን

   

ይህ ጽሑፍ በሬዲዮ ዝግጅታችን በሁለት ሳምንት ከፍዬ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ከዚያ በኋላ በርካታ እህቶች ‹‹ስሙ ስላመለጠን በጽሑፍ ይውጣልን›› ብለው ጠየቁ። እኔም ጥቂት አቃንቼ፣ በሬዲዮ ሰዓት ያጠረብኝንም ጨምሬ እነሆ አቅርቤዋለሁ። ርዕሳችን በየጓዳችን የማይጠፋው ነጭ አዝሙድ ነው። ‹‹ኢማም ስለ ቅመም ምን አገባው?›› የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገሩ የጀመረው ግን ከራሴ ስህተት ነውና በእሱ ልጀምር።

ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከመድረሳ ወጥቼ፣ ኮሌጅም ጨርሼ፣ ዕውቀት የሞላልኝ የመሰለኝ ጊዜ ነበር። ከዐስር ሰላት በኋላ ለእህቶች ደርስ እሰጥ ነበር። አንድ ቀን ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) የዘገቡትን ስለ ‹‹አል-ሐበቱ አስ-ሰውዳእ›› የሚናገረውን ሐዲስ አነሳሁ። በዚህች ፍሬ ውስጥ ከሞት በስተቀር ለበሽታ ሁሉ ፈውስ እንዳለ የሚገልጸውን ማለቴ ነው። ‹‹ሐበቱ ሰውዳእ›› ማለት ‹‹ጥቁሯ ፍሬ›› ነው። እኔ ግን በችኮላ ‹‹አዝሙድ›› ብዬ ተረጎምኩና አለፍኩ። ጥቁር አላልኩም፤ ነጭም አላልኩም።

ከአድማጮቼ አንዲቱ እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ሆዱን ይቆርጠው ጀመር። ጓዳዋ ገባች፤ ያገኘችው አዝሙድ ነጩ ነበር። አፍልታ አጠጣችው። በማግስቱም ደገመችለት። በሦስተኛው ቀን ልጁ አተኮሰው፤ ሆዱም እንደ ከበሮ ተወጠረ። ጎረቤት ተሯሩጦ ሐኪም ቤት ሲያደርሰው ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ተገኘ። አልሐምዱሊላህ፣ ተቀዶ ጥገና ተደረገለትና ዳነ። እናትየው ከወር በኋላ ወደ እኔ መጣች። ልትወቅሰኝ አልነበረም፤ ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር። ‹‹ኡስታዝ፣ እኔ በረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል አልጠራጠርም። የጎደለው የኔ እምነት ነው ወይስ አሠራሩን አበላሸሁት? ምንድን ነው ያጠፋሁት?›› አለችኝ።

ምንም ያጠፋችው አልነበረም። ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ፤ ያውም ሁለት ጊዜ። አንደኛ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያላሏትን ፍሬ ያሉ አስመስያለሁ። ሁለተኛ፣ ሐዲሱን ሳብራራ ወደ ሐኪም መሄድም ሱና መሆኑን አልነገርኳቸውም። ጥቁሩን አፍልታ ብታጠጣውም ኖሮ የፈነዳን አንጀት የሚሰፋ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ‹‹ለመሆኑ ይህ ነጭ አዝሙድ የተባለው ምንድን ነው?›› ብዬ መጻሕፍት ማገላበጥ የያዝኩት።

በመጀመሪያ ሁለቱን እንለያቸው። በአማርኛ ‹‹አዝሙድ›› በሚል አንድ ስም የምንጠራቸው ነጩና ጥቁሩ ዝምድና የላቸውም። ጥቁር አዝሙድ ማዕዘን ያለው፣ ከሰል የመሰለ ዘር ነው፤ ዳቦ ላይ የምንነሰንሰው፣ ቅቤ ስናነጥርም የምንጨምረው። ነጭ አዝሙድ ደግሞ የድንብላል፣ የእንስላል፣ የከሙንና የካሮት ወገን ነው። አበባው እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ይወጣል። እኛ ዘር የምንለውም በእርግጥ ደቃቅ ፍሬው ነው፤ በርቀት ሲያዩት ግራጫ፣ በቅርብ ሲያዩት ቡናማ፣ በጎኑም ላይ ቀጫጭን መስመሮች ያሉበት። ስሙ ነው እንጂ ነጭስ አይደለም። ከጥቁሩ ጎን ስለተቀመጠ ብቻ ነጭ ተባለ።

ይህ የስም መደባለቅ በእኛ ቋንቋ ብቻ የሚታይ እንዳይመስላችሁ። ዐረቦችም ከሙን በሚለው ቃል ስር ብዙ ነገር ያጉራሉ። ኢብኑል ቀይም (በ751 ዓ.ሂ. ወይም እ.ኤ.አ. በ1350 ያረፉት) ‹‹ዛዱል መዓድ›› በተሰኘው መጽሐፋቸው ሐበቱ ሰውዳእ ‹‹ጥቁር ከሙን›› ተብላ እንደምትጠራም ጽፈዋል። የእኛ ነጭ አዝሙድ ደግሞ በዐረብኛ ‹‹የንጉሥ ከሙን›› ወይም ‹‹የሐበሻ ከሙን›› ይባላል። እንግዲህ እነሱም እንደኛ አንዱን ስም ለሁለቱ አካፍለዋል ማለት ነው።

ይሁንና በሐዲሱ ላይ መደባለቅ እንዳይፈጠር ቀደምቶቻችን ጥንቃቄ አድርገዋል። በቡኻሪ ዘገባ ውስጥ ኢብኑ ሺሃብ አዝ-ዙህሪ (በ124 ዓ.ሂ. ያረፉት ታላቅ ታቢዒይ) ጥቁሯ ፍሬ ‹‹ሹኒዝ›› መሆኗን አያይዘው ገልጸዋል። ሹኒዝ ያ የምናውቀው ጥቁር አዝሙድ ነው። ኢብኑል ቀይምም ‹‹ሰናፍጭ ናት››፣ ‹‹የሌላ ዛፍ ፍሬ ናት›› የሚሉትን አስተያየቶች አንስተው ሁለቱም ስህተት ናቸው ብለዋል። ‹‹ለበሽታ ሁሉ›› የሚለውንም አል-ኸጣቢ (በ388 ዓ.ሂ. ያረፉት) ሲያብራሩ፣ አነጋገሩ ጠቅላላ ይሁን እንጂ የተፈለገበት ትርጉም የተለየ ነው፤ ተቃራኒ ጠባይ ላላቸው በሽታዎች ነው ብለዋል። አስቡት፤ ይህን ሁሉ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጽፈው አስቀምጠውልን ሳለ ነው እኔ በአንድ ቃል ያለፍኩት። ነጭ አዝሙድን በተመለከተ ግን የሐዲስ ምስጋና የለውም። አሁንም በአንዳንድ ሱቅ ነጭ አዝሙድ በላስቲክ ታሽጎ ‹‹የሱና መድኃኒት›› የሚል ወረቀት ተለጥፎበት አያለሁ። ሻጩ ምናልባት እንደ ወጣቱ ኡስታዝ ሳያውቅ ይሆናል። ነገር ግን ያላሉትን በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስም መናገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ለቅመም መሸጫ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

የሐዲስ ምስጋና የለውም ማለት ግን ታሪክ የለውም ማለት አይደለም። ታሪኩ እንዲያውም ረጅም ነው።

በመጀመሪያው ምእተ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ዲዮስቆሪዲስ የሚባል ግሪካዊ ሐኪም ነበር። የተወለደው ዛሬ ደቡብ ቱርክ በምንለው ምድር፣ አናዛርቦስ በምትባል ከተማ ነው። ስለ ዕፅዋትና ስለ ሌሎች መድኃኒቶች አምስት ክፍል ያለው መጽሐፍ ጻፈ። በዚያ ውስጥ ‹‹አሚ›› የሚላት ተክል አለች፤ ፍሬዋ ከከሙን በጣም ያነሰች፣ ጣዕሟም ወደ ጦስኝ ወገን የሚጠጋ መሆኑን ይገልጻል። የሚያሞቅ፣ የሚያደርቅ ጠባይ አላት፤ ለሆድ ቁርጠት፣ ሽንት ለሚከለክለው ሰው፣ መርዛም ነገር ለነከሰው ትረዳለች ይላል። ከማር ጋር ተለውሳ የበለዘ ገላ ላይ እንደምትቀባም ያነሳል። ሲገዙም ገለባ የሌለባትን፣ ንጹሕ የሆነችዋን ምረጡ ብሎ ይመክራል። በርበሬ በረንዳ ሄዶ ግማሽ ኪሎ ነጭ አዝሙድ ሲገዛ ሩቡን አፈርና ገለባ ይዞ የተመለሰ ሰው ይህችን ምክር ከማንም በላይ ይረዳታል!

እኛን የሚነካው ሌላው ነገር ስሟ ነው። ዲዮስቆሪዲስ አንዳንዶች ‹‹የኢትዮጵያ ከሙን›› እንደሚሏት፣ ሌሎች ‹‹የንጉሥ ከሙን›› እንደሚሏት ይጠቅሳል። ‹‹ሁለቱ አንድ አይደሉም›› የሚሉም እንዳሉ አልደበቀም። ይህን በሬዲዮ ስናገር አንድ ወንድም ደውሎ ‹‹ስለዚህ ከኛ የወጣ ነዋ!›› ብሎ ደስታውን ገለጸልኝ። ደስታውን ባልሻማው ደስ ባለኝ። ነገር ግን የዚያን ጊዜ ግሪኮች ‹‹ኢትዮጵያ›› ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ሁሉ ማለታቸው ነው። በስም ብቻ ርስት አይጠየቅም። ብዙ የዕፅዋት አጥኚዎች ተክሉ መጀመሪያ የበቀለው በግብፅና በምሥራቅ ሜዲትራኒያን አካባቢ ነው ይላሉ።

በዚያው ዘመን የኖረው ሮማዊው ፕሊኒ ደግሞ አንዲት ጣፋጭ ወሬ ጥሎልናል። የእስክንድርያ ሰዎች ይህችን ፍሬ ዳቦ ሲጋግሩ ከሊጡ ስር ያደርጓት፣ ወጣቸውም ውስጥ ይጨምሯት ነበር። እንግዲህ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የእስክንድርያ ዳቦ ጋጋሪና የእኛ ድፎ ጋጋሪ በአንድ ቅመም ተገናኝተዋል።

የዳቦው ነገር በፋርስም አልቀረም። ፋርሶች ፍሬዋን ‹‹ናንኽዋህ›› አሏት። ‹‹ናን›› ዳቦ ነው፤ ‹‹ኽዋህ›› ፈላጊ፣ ወዳጅ። ‹‹ዳቦ ፈላጊ›› እንደማለት ነው። ከመጋገሩ በፊት ዳቦው ላይ ስትነሰነስ ሽታዋ ሰውን ወደ ማዕድ ስለሚጠራ ነው ይባላል። ዐረቦች ቃሉን እንዳለ ወሰዱት፤ በሕክምና መጻሕፍታቸውም ‹‹ናንኸዋህ›› እያሉ ጻፉት። ዛሬ በሒጃዝና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያ ‹‹ናንኻ›› ሲባል የምትሰሙት ያው ነው። ከጅዳ የተመለሰች አንዲት እህት እንዲህ ስትል አጫወተችኝ፡- ‹‹የምሠራበት ቤት እመቤት ልጇ ወልዳባት ‘ዐጣር ቤት ሄደሽ ናንኻ አምጪ’ ብላ ላከችኝ። ምን ዓይነት የከበረ መድኃኒት ይሆን እያልኩ ሄድኩ። ሰውየው መዝኖ ሲሰጠኝ የእናቴ ነጭ አዝሙድ! እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።››

ወደ ባግዳድ እንመለስ። በሦስተኛው ምእተ ዓመተ ሂጅራ፣ በዐባሳዊው ኸሊፋ በአል-ሙተወኪል ዘመን (እ.ኤ.አ. 847-861)፣ የዲዮስቆሪዲስ መጽሐፍ ከግሪክኛ ወደ ዐረብኛ ተተረጎመ። ተርጓሚው ኢስጢፋን ኢብን ባሲል ሲሆን ሥራውን የመረመረውና ያረመው ታዋቂው ሑነይን ኢብን ኢስሐቅ ነበር። ኢስጢፋን ትልቅ ችግር ገጠመው። የብዙ ዕፅዋትን ዐረብኛ ስም አላወቀም። ምን አደረገ? ያወቀውን በዐረብኛ ጻፈ፤ ያላወቀውን በግሪክኛ ስሙ እንዳለ ተወው። ከኋላው የሚያውቅ ሰው አላህ እንዲያስነሳ ተስፋ አድርጎ ቦታውን ክፍት ተወው ማለት ነው። ይህን ባነበብኩ ጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ያ ተርጓሚ የማያውቀውን ስም ሳይተረጉም አለፈ፤ እኔ የማውቀውን ስም በግማሽ ተረጎምኩት።

ያ የሚያውቅ ሰው ግን መጣ፤ ያውም ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ በሌላ አገር። የአንደሉሱ ኢብን ጁልጁል እንደጻፈልን፣ በ337 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 948) ገደማ የቁስጥንጥንያው ንጉሥ ለቁርጡባው ኸሊፋ ለዐብዱረሕማን ሣልሳዊ ስጦታ ላከ። ከስጦታው አንዱ ዕፅዋቱ በሥዕል ያጌጡበት የዲዮስቆሪዲስ የግሪክኛ መጽሐፍ ነበር። በቁርጡባ ግን የጥንቱን ግሪክኛ የሚያነብ አልተገኘም። ኸሊፋው ሰው እንዲላክለት ጠየቀ፤ በ340 ዓ.ሂ. ኒቆላ የሚባል መነኩሴ መጣ። ከዚያ በኋላ መነኩሴው፣ አይሁዳዊው ሐኪም ሐስዳይ ኢብን ሸፕሩጥ፣ ሌሎችም ሙስሊም ሐኪሞች ተሰብስበው ‹‹ይህ ስም የየትኛው ቅጠል ነው? ያኛውስ?›› እያሉ አንድ በአንድ መረመሩ። ኢብን ጁልጁል ወጣት ሆኖ እነዚህን ሰዎች አግኝቷቸዋል። በመጨረሻ ስማቸው ሳይለይ የቀረው ከአሥር የማይበልጡ፣ ብዙም የማያስፈልጉ መድኃኒቶች ብቻ እንደነበሩ መዝግቧል። እሱም ራሱ በ372 ዓ.ሂ. የእነዚያን ስሞች ማብራሪያ የያዘ መጽሐፍ ጽፏል። አንድ መቶ ሠላሳ ዓመት የፈጀ ድካም፣ ሕመምተኛው የተሳሳተ ቅጠል እንዳይጠጣ ተብሎ!

ከዚያ በኋላ ናንኸዋህ በታላላቆቹ መጻሕፍት ውስጥ ቦታ ያዘች። ኢብን ሲና እ.ኤ.አ. በ1025 ገደማ ባጠናቀቀው ‹‹አል-ቃኑን›› በሁለተኛው ክፍል፣ ነጠላ መድኃኒቶችን በሚዘረዝርበት ቦታ ጠቅሷታል። ‹‹ሞቃትና ደረቅ›› ከሚባሉት መድባታል። ይህ አነጋገር ዛሬ ለጆሮ እንግዳ ሊሆን ይችላል። የያኔው ሕክምና የሰው ገላ ጠባይ ከሙቀት፣ ከቅዝቃዜ፣ ከእርጥበትና ከድርቀት ሚዛን ነው የሚል ነበር፤ ለብርድ ሕመም የሚያሞቅ ይሰጣል። እናቶቻችን ‹‹ብርድ ገብቶብህ ነው፤ ነጭ አዝሙድ ቅመስ›› ሲሉን የኢብን ሲናን መጽሐፍ አላነበቡም፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። በማላጋ የተወለደው፣ በ646 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1248) በደማስቆ ያረፈው ኢብኑል በይጣርም 1,400 ያህል መድኃኒትና ምግብ በፊደል ተራ በደረደረበት መጽሐፉ በ‹‹ኑን›› ፊደል ስር አስገብቷታል። ይህ ሰው ከአንደሉስ ተነስቶ ሰሜን አፍሪካን አቋርጦ ሻም እስኪደርስ በየአገሩ ቅጠሉን በዓይኑ እያየ፣ ስሙን በዐረብኛም በበርበርም በግሪክኛም እየለየ የጻፈ ነው። የቀደሙት የተሳሳቱበትንም ‹‹እዚህ ጋ ተሳስተዋል›› ብሎ ያርማል።

በዚህ መሐል ፍሬዋ ወደ ህንድም ዘልቃለች። ዛሬ በብዛት የሚያመርቷት ህንዶች ናቸው፤ በተለይ ራጃስታንና ጉጅራት። ስሟን ‹‹አጅዋይን›› ይሏታል። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ይህ ስም ‹‹ያቫኒ›› ከሚለው የሳንስክሪት ቃል እንደመጣ ይናገራሉ፤ ትርጉሙም ‹‹የግሪኳ›› ማለት ነው። ነገሩ ያስቃል። ግሪኩ የኢትዮጵያ ናት አለ፤ ህንዱ የግሪክ ናት አለ፤ ዐረቡ የሐበሻ ናት አለ። ማንም የራሴ ናት ያለ የለም! የህንድ ሙስሊም ሐኪሞችም (ሐኪም ነው የሚሏቸው በዐረብኛው) እስከ ዛሬ የሚሠሩበትን ባህላዊ ሕክምና ‹‹ጢብ ዩናኒ›› ይሉታል፤ የግሪክ ሕክምና ማለት ነው። ከግሪክ ወደ ባግዳድ፣ ከባግዳድ በፋርስ በኩል ወደ ዴልሂ የሄደ ነውና ስሙን አልካዱትም።

የህንዶቹን ጓዳ የሚያይ ሰው የራሱን ጓዳ ያያል። የሽምብራ ዱቄት ሲያቦኩ፣ ጥራጥሬ ሲቀቅሉ አጅዋይን ይጨምራሉ፤ ጥራጥሬ ሆድ ስለሚነፋ። የእኛ እናቶችስ ሽሮ ሲያዘጋጁ ምን ያደርጋሉ? ሽምብራውን ወይም ባቄላውን ሲያስፈጩ ከበሶብላው፣ ከኮረሪማው ጋር ነጭ አዝሙድ ይጨምራሉ። ‹‹ለሽታው ነው›› ይላሉ። ለሽታው ብቻ አይመስለኝም። ሁለት የማይተዋወቁ ጓዳዎች በአንድ ዓይነት ምግብ ላይ አንድ ዓይነት ቅመም የጨመሩት ሆዳቸው ነግሯቸው ነው።

እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ወሎ ውስጥ በርበሬ ስታዘጋጅ የምታደርገው እስከ ዛሬ በዓይኔ ላይ አለ። ዛላው ይቀነጠሳል፤ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ተደልዞ ይታመቃል፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ቅመማ ቅመሙን ለየብቻ ታምሰዋለች። ነጭ አዝሙዱን ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነበር የምታደርገው፤ ምጣዱ ከእሳት ከወረደ በኋላ በትርፍ ሙቀቱ ብቻ ወዲያ ወዲህ አድርጋ ታነሳዋለች። ‹‹ይህ ፈሪ ነው፤ እሳት ሲያይ ይሸሻል›› ትል ነበር። የሚሸሸው ምን እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በፍሬው ውስጥ ከመቶ ከሁለት እስከ አራት እጅ የሚሆን ተናኝ ዘይት አለ። ከዘይቱም ብዙውን ጊዜ ግማሽ ያህሉ ታይሞል የሚባል ነገር ነው። ታይሞል በ50 ዲግሪ ሙቀት ገደማ ይቀልጣል፤ ከዘይቱም ጋር ይተናል። ስለዚህ እህቶች ሆይ፣ ነጭ አዝሙድን ሳትፈጩ በጠርሙስ ከድናችሁ አስቀምጡ፤ በሚፈለግበት ቀን ውቀጡት። አስቀድሞ ተፈጭቶ በፌስታል ወር የከረመው ስሙ እንጂ እሱ የለም።

ታይሞልን መጀመሪያ የለየው ጀርመናዊው መድኃኒት ቀማሚ ካስፓር ኖይማን ነው፤ በ1719 (እ.ኤ.አ.)፣ ከጦስኝ ወገን። ጦስኝና ነጭ አዝሙድ በሽታ የሚመሳሰሉት ለዚህ ነው። ዲዮስቆሪዲስ በምላሱ ያወቀውን ኖይማን በብልቃጥ አገኘው ማለት ይቻላል። ቆይቶ ከነጭ አዝሙድ ብዙ ታይሞል እንደሚወጣ ሲታወቅ ፍሬው ከህንድ በመርከብ ወደ ጀርመን ይጫን ጀመር፤ ይህም በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት እስኪነሳ ድረስ ነበር። ጀርሞችን ስለሚገድል ለአፍ መጉመጥመጫ፣ ለቁስል ማጠቢያ ውሏል። ከ1909 እስከ 1914 በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍለ ግዛቶች በሮክፌለር ገንዘብ በተካሄደው ትልቅ ዘመቻ የመንጠቆ ትል የያዛቸው ሰዎች የታከሙት በታይሞል ነበር። ታዲያ ያን ጊዜ ሐኪሞች መጠኑን በሚዛን ለክተው ነበር የሚሰጡት። ሕመምተኛው በዚያ ቀን አልኮል እንዳይቀምስም አጥብቀው ያስጠነቅቁ ነበር፤ ከአልኮል ጋር መርዝነቱ ይጨምራልና። በኋላም ከእሱ የተሻሉ መድኃኒቶች ሲገኙ ለዚህ አገልግሎት ቀረ።

ይህን ያነሳሁት ያለምክንያት አይደለም። በምግብ ውስጥ የገባች ቁንጥር ነጭ አዝሙድና ተጨምቆ በጠርሙስ የተሸጠ ዘይቱ አንድ አይደሉም። በሦስት ጣት ቆንጠር አድርጎ በጨው አኝኮ፣ ትኩስ ውኃ መጠጣት ከምግብ በኋላ ለሚነፋው ሰው ደግ ነው። በረመዳን ከሳምቡሳና ከሾርባ በኋላ ተራዊሕ መቆም ያቃተው ሰው ቢሞክረው አይጎዳም። ዘይቱን በማንኪያ መጠጣት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሐኪም ሳይጠየቅ አይደረግም። እርጉዝ እህቶችም ወጥ ውስጥ ከሚገባው ያለፈ እንዳይወስዱ እመክራለሁ፤ የጥንቶቹ ሐኪሞች ራሳቸው የወር አበባን የሚያመጣ ነው ብለው ስለሚቆጥሩት።

በሬዲዮ ካቀረብኩ በኋላ ከመጡት ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ሕፃናት ነበሩ። ‹‹አራስ ልጄ ሆዱን ሲነፋው ነጭ አዝሙድ አፍልቼ አጥልዬ በማንኪያ እሰጠዋለሁ፤ እናቴም ለኔ እንደዚያ አድርጋለች፤ ችግር አለው?›› እናታችሁ በክፋት አላደረገችውም። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን ስድስት ወር እስኪሞላው ከእናት ጡት በቀር ውኃም ቢሆን እንዳይሰጠው ይመክራል። የጨቅላ ሆድ ትንሽ ናት፤ ባዕድ ውኃ ከገባባት ወተቱን ታስቀራለች፤ ውኃው ንጹሕ ካልሆነም ተቅማጥ ታመጣለች። ልጅ ተቅማጥ ከያዘው ደግሞ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ. እንጂ አዝሙድ አይደለም፤ ነጩም ጥቁሩም። ትኩሳት ያለው፣ ሆዱ የጠነከረ፣ ደም የሚያስቀምጠው፣ የሚያስመልሰው፣ ወይም ቁርጠቱ በቀኝ በታች በኩል ተተክሎ የሚያድር ልጅ፣ አዋቂም ቢሆን፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ኡሳማ ኢብን ሸሪክ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት፣ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአላህ ባሮች እንዲታከሙ አዘዋል። ትእዛዙን ያገኙት ገጠሬዎች ‹‹እንታከም?›› ብለው ጠይቀው ነው፤ ልክ እንደኛ አመንትተው ነበር ማለት ነው።

አንድ እህት ደግሞ ከዋሽንግተን እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፡- ‹‹እዚህ ነጭ አዝሙድ ስንፈልግ የአበሻ ሱቅ ከሌለ ከህንድና ከፓኪስታን ሱቅ ‘አጅዋይን’ ብለን እንገዛለን። ጥቁር አዝሙድ ሲሆን ‘ከሎንጂ’ ነው የሚሉት። ‘ከሙን’ ብላችሁ ከጠየቃችሁ ግን ሌላ ሦስተኛ ነገር ነው የሚሰጧችሁ፤ እኔ አንድ ጊዜ በርበሬዬን አበላሽቼበታለሁ።›› ለስደት ወገኖቻችን ይጠቅማል ብዬ እንዳለ አስፍሬዋለሁ።

ያቺን እናት ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ አግኝቻታለሁ። ጥያቄዋን የመለስኩላት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ቤቷ ድረስ ሄጄ፣ በደርሱ ላይ የተናገርኩት ስህተት እንደነበረ ነገርኳት፤ ዐፍው አለችኝ። በሚቀጥለው ጁምዓ በዚያው ደርስ ላይ ቆሜም አረምኩት። ዘንድሮ ረመዳን ለኢፍጣር ጠርታኝ ሄጄ ነበር። ልጁ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ የራሱን ልጅ ታቅፎ በሩ ላይ ተቀበለኝ። ሾርባው ሲቀርብ ‹‹ኡስታዝ፣ ና ጓዳዬን ላሳይህ›› አለችኝና ወሰደችኝ። በመደርደሪያው ላይ ሁለት ጠርሙሶች ጎን ለጎን ቆመዋል። በአንደኛው ላይ ‹‹ጥቁር››፣ በሌላኛው ላይ ‹‹ነጭ›› የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ጽሕፈቱ የሕፃን ነው፤ ወረቀቱም በዘይት ወይቧል። ልጁ ከሐኪም ቤት በወጣ በወሩ የጻፈው ነው አለችኝ።